ትንሿ ክፍል ሳሎን የሆነችበት ምክንያት

«ቤት ለእምቦሳ!» ብላ የገባች አንዲት የብሎካችን ነዋሪ በሩ ላይ እንደቆመች ግራ ቀኝ ተመልክታ «ሳሎናችሁስ?» አለችኝ። «እምቦሳ እሰሩ» ለማለት እንኳ ፋታ አልሰጠችኝም። ፊት ለፊቷ ያለው ሰፊ ጠረጴዛ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ የልጆቹ ተደራራቢ አልጋና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው። ሶፋ የለም፤ ቡፌም የለም። በኮሪደሩ አሳልፌ መጨረሻ ላይ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ሳስገባት አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ «ነይ አቦ፣ ግቢ! ነፋሱ እዚህ ነው» አላት። ገባች፣ ጫማዋን አውልቃ ተደላደለች፣ ቡናውን እስከ በረካው ጠጣች፣ የሰፈሩን ወሬ አንድ ሳታስቀር አወራችን። ስትወጣ ግን በሩ ላይ መለስ ብላ «ሳሎን ብታበጁለት እንዴት ያምር ነበር» አለች።

ክፉ አስባ አይደለም። እኔን ሲከነክነኝ የከረመው ሴትዮዋ ከሰዓቱን ሙሉ የተቀመጠችው ሳሎን ውስጥ መሆኑ ነው። እንግዳ የሚቀበል፣ ቡና የሚጠጣበት፣ በርጫ የሚያዝበት፣ ዜና የሚሰማበት ክፍል ነው። ሳሎን መሆኑ ያልታያት ስለጠበበ፣ ከበሩ ስለራቀና ሶፋ ስለሌለው ብቻ ነው። ቤታችንን እንዲህ ያደረግንበትን ምክንያት በሩ ላይ ቆሜ ላስረዳት አልቻልኩም፤ ነገሩ ረጅም ነው። እዚህ ልጻፈው።

የኮንዶሚኒየም ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዕጣውን፣ ውሉን፣ ቁልፍ መረከቡን እዘለዋለሁ። ቤቱ ድሬዳዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለ ሁለት መኝታ። በሩ ሲከፈት ሳሎኑ ላይ ያርፋል። ሳሎኑና ትልቁ መኝታ ቤት መስኮታቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንገዱ ነው። ማድቤቱ፣ ትንሹ መኝታ ቤትና ጠባብ በረንዳው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጓሮው ያያሉ። የምንኖረው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አባቴ ነን።

የስልኩ ሥዕል

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጓደኞቹ የአንዱን ቤት የጂፕሰም ኮርኒስ አይቶ መጥቶ ወሩን ሙሉ ስለሱ ሲያወራ ከረመና አንድ ቀን የቤት ውስጥ ዲዛይን የሚሠራ ወጣት ይዞ መጣ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ሜትሩን ዘርግቶ እያንዳንዱን ግድግዳ ለካ፤ ቆይቶ በስልኩ የስሪዲ ሥዕል አሳየን። ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ እብነ በረድ የሚመስል የቴሌቪዥን ግድግዳ፣ በኮርኒሱ ጠርዝ ዙሪያ የተደበቀ መብራት፣ ከሳሎኑ ጋር የተቀላቀለ ማድቤት። እውነት ለመናገር ያምራል። ልጄ ስልኩን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየ በኋላ «ይሄ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?» አለ።

«ወደ መንገዱ ነው፣ ፋዘር።»

«መንገዱስ ወዴት ነው ያለው?»

ልጁ ዝም አለ። አባቴ «ምዕራብ ነው» አለ። «በዘጠኝ ሰዓት እዚህ ሶፋ ላይ ማነው የሚቀመጠው?»

«ኤሲ ይገባለታል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

እኔ መሀል ገብቼ «አባ፣ አንተ ደግሞ ልጁን አታስጨንቀው» አልኩ። (ድሬ ላይ አባትን አንተ ማለት ነውር አይደለም፤ የመሀል አገር አንባቢ እንዳይከፋ።) ነገሩን በሳቅ አለፍነው። ቀብዱን ግን ዛሬ ነገ እያልን ሳንሰጥ ቀረን። ምክንያቱ ብልህነት ሳይሆን የኪስ ነገር ነበር።

አባቴ ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡሩ አቴሌ፣ በጥገና ወርክሾፑ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ሸሚንዶፈር በሚሉት ድርጅት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ተከትሎት የመጣው የከዚራ ሰፈር የተሠራው ሙቀትን በሚያውቅ እጅ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ መስኮቱ በውጭ በኩል በሚዘጋ የእንጨት ፐርሲያና የተሸፈነ፣ መንገዱ ግራና ቀኙ ዛፍ። እዚያ ያረጀ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጥላውን ነው። የእኛ ብሎክ ፕላን ግን አዲስ አበባ ካየኋቸው ብሎኮች ጋር አንድ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርዱን እንዲሰብር የሚፈለግ የከሰዓት ፀሐይ 1,200 ሜትር ላይ ስንወርድ ማንም የማይፈልገው እንግዳ ነው።

መብራት የጠፋ ዕለት

ፍራሽ፣ ምንጣፍና ካርቶን ይዘን ገባን። ትልቁ ክፍል ሳሎን፣ ምዕራቡ መኝታ ቤት የኔና የባለቤቴ፣ ትንሹ ክፍል ለጊዜው ያልተፈቱ ካርቶኖች መጣያ ሆነ። አባቴና ልጆቹ ሳሎን ያድራሉ። ሶፋው ሲገዛ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል ብለን ነው።

ግንቦት ነው፤ የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቅዳሜ ምሳ ከበላን በኋላ መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ዙሩን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ክንፎቹን አንድ በአንድ መቁጠር እስኪቻል ድረስ ተንፈራግጦ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ አሁን ይመጣል በሚል። መጀመሪያ የተነሣው ትንሹ ልጄ ነው። ካናቴራውን አውልቆ ኮሪደሩ ላይ ባዶው ሴራሚክ ላይ በሆዱ ተኛ። ቀጥሎ ልጄ የሥዕል ደብተሯን ይዛ ማድቤቱ በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ልብስ እየቀደድኩ ነበር፤ ላቤ ጨርቁ ላይ ሲንጠባጠብ መቀሱን አስቀምጬ ተነሣሁ። አባቴ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጫቱን፣ የሻይ ፔርሙሱንና ሬዲዮኑን አቅፎ፣ በነፃ እጁ የፍራሹን ጆሮ እየጎተተ በአጠገቤ አለፈ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም፤ ተከተልኩት።

ካርቶኖቹ ያሉባት ክፍል ገባን። ፀሐይዋ ከረፋዱ ጀምሮ ጥላታለች፤ ግድግዳው በመዳፍ ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። የበረንዳውን በር ከፈትን። ልጁ የደረጃውን በር እንዲከፍት ላክነውና ሲከፍተው ከጓሮው በኩል ነፋስ ገብቶ በኮሪደሩ ወጣ፤ ካርቶን ላይ የነበረ ጋዜጣ ተገለበጠ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴም ከምዕራቡ ክፍል ፊቱ አብጦ ወጣ። ጎህ ሲቀድ ከመንገድ ገብቶ እስከ ስድስት ሰዓት እንደ ሕፃን ተኝቷል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሙቀቱ አስነሣው። ከሳሎንም፣ ከመኝታ ቤትም፣ ከኮሪደርም ተጠራርተን አምስታችንም ማንም ያላሰበባት ክፍል ውስጥ ተገኘን። ካርቶኑን ወደ ሳሎን መግፋት የጀመረው ማን እንደሆነ ዛሬም አንስማማም። ማታ መብራት ሲመጣ ዕቃው ሳሎን፣ ሰዎቹ ዕቃ ቤት ነበሩ። ወደ ቦታው የተመለሰ የለም።

ያ ቀን ባይኖር ምን እናደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት ሶፋውን እንገዛ፣ ከሰዓት ከሰዓት መጋረጃ ዘግተን ኤሲ እናስጮህ ነበር። የሚኖሩት እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ቤቱ የሚፈልገው እንጂ እኛ የምንፈልገው አልተጠየቀም ነበር። ፕላኑ ላይ «ሳሎን» የሚለውን የጻፈው ሰው አባቴ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በርጫ ላይ እንደሆነ፣ ባለቤቴ ቀን እንደሚተኛ፣ እኔ ማታ እንደምሰፋ በምን ያውቃል?

በማግስቱ ከልጄ የሒሳብ ደብተር ላይ ወረቀት ቀደድኩና በአንድ በኩል ሰዓቱን፣ በሌላ በኩል የቤቱን ሰው ጻፍኩ። ማን መቼ የት ይሆናል? ከዚያ ፀሐይዋንም እንደ አንድ የቤት ሰው ቆጥሬ ጨመርኳት። የምሥራቁ ክፍል እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ይነድዳል፤ ያኔ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አባቴ ከእኩዮቹ ጋር ውጭ ነው፤ ማንም አይፈልገውም። ምዕራቡ እስከ ቀትር ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ደግሞ ለቀን እንቅልፈኛ የተሰጠ ስጦታ ነው። ስለዚህ የባለቤቴ አልጋ እዚያው ቀረ። ያነሣነው ከግድግዳው ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከሰዓት የጠጣውን ሙቀት ወዲያው አይተፋም፤ የሚተፋው ማታ፣ ሰው ሲተኛ ነው። አልጋውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ወስደን ቁምሳጥኑን ምዕራቡ ላይ ደረደርን፤ ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍተት ለአየር ትተን። ልብስ ቢሞቀው ግድ የለም።

መስኮቱን በተመለከተ አባቴ ፐርሲያናውን ሳያነሣ አልቀረም። መጋረጃ ብርሃን ይከለክላል እንጂ ሙቀቱ አንዴ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። መከልከል ያለበት ከውጭ ነው። የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅደን ሁለቱን የምዕራብ መስኮቶች በውጭ በኩል በገመድ የሚጠቀለል ሰሌን ሰቀልንባቸው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሣል። የማውረዱ ሥራ የትንሹ ልጄ ነው፤ ሲረሳ ማታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። (ሰሜን ያለ መስኮት ፀሐይ አያገኘውም የሚሉም አሉ። ድሬ ላይ በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ በረንዳ ወጥቶ ጥላውን ያየ ሰው ጥላው ወደ ደቡብ መውደቁን ያያል። ፀሐይዋ ያኔ በሰሜናችን ነው የምታልፈው።)

ነፋሱ ከራሳችን በላይ ሲያልፍ

ትንሿ ክፍል ሳሎን ሆነች ማለት ግን አለቀ ማለት አልነበረም። ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ስንቀመጥ ነፋሱ የሚደርሰው የበረንዳው በር ፊት ለተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ቦታ አያትና የልጅ ልጅ ይጣሉ ጀመር። መስኮቱ ተከፍቶ፣ መጋረጃው እየተውለበለበ፣ ሥሩ የተቀመጥነው እናልባለን። ምክንያቱ የገባኝ ሜትር ስይዝ ነው። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 1 ሜትር ይርቃል፤ አባቴ ትራስ ተደግፎ ሲቀመጥ አናቱ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ነፋሱ ከአናቱ በላይ ገብቶ ከአናቱ በላይ ይወጣል። መስኮቱ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተሠራ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ አንቀመጥም።

ወንበር እንግዛ የሚለው ቀላሉ መልስ ነበር፤ ባለቤቴም ብሎታል። በርጫ ግን በወንበር አይሆንም፤ ጎን መጣል፣ እግር ማጠፍ፣ ክርን ማስደገፍ ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከወለል ሲነሣ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንድ ሁለት ብሎ ነው።

መፍትሔውን ያየሁት ሐረር ነው። ለለቅሶ ሄደን ጀጎል ውስጥ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ገባን። ከዚያ በፊትም ገብቼ አውቃለሁ፤ ዓይኔ የሚሄደው ግን ግድግዳው ላይ ወደ ተደረደሩት ሰሃኖችና ሞሶቦች ነበር። ያን ቀን ያየሁት ወለሉን ነው። ቀይ ወለሉ ከበሩ ጀምሮ በነደባ በነደባ (ከወለሉ ጋር በተሠራ መደብ) ይነሣል፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ ሁሉም ምንጣፍና ትራስ የለበሰ። አሚር ነደባው በሩን ፊት ለፊት ያያል፤ የቤቱ ባለቤት የገባ የወጣውን ከዚያ ሆኖ ይቆጣጠራል። ትልቁ ጊዲር ነደባ የብዙኃኑ ነው፤ ትንሹ ጢት ነደባም የራሱ ተቀማጭ አለው። ተንቀሳቃሽ ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ግንበኛው ግድግዳውን ሲያነሣ መቀመጫውንም አብሮ ሠርቶታል። ሰው ሲበዛ ይጠጋጋል፣ ሲመሽ እዚያው ይተኛል። የሚያስፈልገው ዕቃ በግድግዳው ውስጥ በተሠራው መደርደሪያ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ የነደባ ከፍታ በስንዝር ስለካ አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሲሚንቶ ላይ የአፈር ነደባ አይነሣም፤ የሚነሣው የእንጨት ነው። አናጺ ጠርተን በሁለቱ ግድግዳዎች ጥግ በሞራሌና በኮምፔንሳቶ 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ አሠራን፤ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍራሽ። ስፋቱን ያስወሰነው የአባቴ ቁመት ነው፤ ማታ እዚያው ስለሚያድር። አሁን ሲቀመጥ አንገቱ ከደፉ እኩል ነው፤ ነፋሱ ፊቱን ያገኘዋል። ያላሰብነው ትርፍ ደግሞ የመደቡ ጠርዝ ከፍራሹ ጋር 45 ሴንቲ ሜትር መምጣቱ ነው፤ የወንበር ከፍታ ማለት ነው። ጉልበቱን ሳይዝ ይነሣል።

አንድ ነገር ላይ አናጺው ከሁላችንም ቀድሞ ነቃ። መደቡ 35 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ የመስኮቱ ደፍ ለቆመ ልጅ 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። «እትዬ፣ ብረት ሳይገባ ምስማር አልመታም» ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ። በሳምንቱ ብየዳ ቤት ያሠራነው የብረት ፍርግርግ ገባ። መደብ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

የጂፕሰሙ ነገርም ያኔ ነው የሞተው። ኮርኒሱ ጣሪያውን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል፤ ከሱ በታች የጣሪያ ቬንትሌተር ይንጠለጠላል፤ ከሥር ደግሞ ወለሉ በመደብ ተነሥቷል። ባለቤቴ መደቡ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘረጋና ሐሳቡን ራሱ ተወው። ቬንትሌተሩን ከመደቡ ውጭ፣ መተላለፊያው አናት ላይ ሰቀልነው።

ማድቤትና ሌሎች ክርክሮች

ማድቤቱን ከሳሎን ጋር ማቀላቀሉን ሽንኩርት በየቀኑ የሚቁላላበት ቤት ሊያስበው አይገባም፤ በዚህ ብዙ አልቆይም። የሚገርመኝ ግን ካቢኔ ሠሪ ሁሉ ምጣድን መርሳቱ ነው። የመደርደሪያው ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሽንኩርት ለመክተፍ ጥሩ ነው። ምጣድ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ግን ሊጥ የምታዞረው ሴት ክንዷን እስከ ትከሻዋ አንሥታ ነው፤ እንፋሎቱም ፊቷን ያገኛታል። የእኛን ምጣድ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ጎማ ባለው ጠረጴዛ አስቀመጥነው፤ ስንጋግር ወደ በረንዳው በር ይገፋል፣ ስንጨርስ ከመደርደሪያው ሥር ይገባል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለብቻው መስመርና ብሬከር ሰጠው። ወደ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ዕቃ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ከፍሪጅ ጋር በአንድ ሶኬት ማካፈል ሽቦ ማቃጠል ነው። ከሰሉን ግን ከቤት አስወጣነው። ቡናው በከሰል የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው፤ ረከቦቱ መደቡ ፊት ይሰየማል፣ ጀበናው ከውጭ ይመጣል። መስኮት ተዘግቶ የከሰል ጭስ በጠባብ ክፍል የሚያደርገውን ሁላችንም ሰምተናል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 200 ሊትር በርሜል መኖሩ ግድ ነው። ሲሞላ 200 ኪሎ ነው፤ ከሻወር ቤቱ ጥግ ይነሣ ቢባል የሚያነሣው የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሱ ቦታ ተወሰነ፣ የቀረው በሱ ዙሪያ ሆነ። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የሚበዛበት በመሆኑ የሻወሩ ራስ በየጊዜው ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ቧንቧ ሲያሞግስልኝ የታየኝ እኔ በሎሚ ስፈትገው ነው። ተራውን ገዛሁ።

አባቴ በ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የድሮ ቤታችን ውስጥ የነበረ ወረቀቱን አጥቷል፤ የሥራ ደብተሩን፣ ፎቶዎቹን። ከዚያ ወዲህ ሰነድ ከወለል አጠገብ አያስቀምጥም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎርፍ ምን ይሠራል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ባለቤቴ ተከራክሮታል። ከመደቡ ሥር ያማረ መሳቢያ እያለ ሰነዱ ሁሉ ከበሩ አናት በላይ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ከመደቡ ሥር የገቡት ብርድ ልብስ፣ የልጁ ኳስና አባቴ ዓርብ ዓርብ የሚጫወትባቸው የቡል ጨዋታ የብረት ኳሶች ናቸው። የባቡር ፋኖሱ ብቻ ከታች ሆኖ እንዲታይ ተፈቅዶለታል፤ ከመደቡ ራስጌ ተሰቅሏል፣ ውስጡ አምፖል ገብቶለት የአባቴ የንባብ መብራት ሆኗል።

ቴሌቪዥኑን ትንሿ ክፍል ውስጥ አላስገባነውም። ማታ አራትና አምስት ሰዓት ኳስ የሚያዩ አሉ፤ ያኔ አባቴ ተኝቷል። ስለዚህ በትልቁ ክፍል፣ ከሞቀው ግድግዳ ትይዩ ቀረ። ኳስ የሚወድ ላብ ይቻል ተብሎ ተወሰነ።

ውስጡን ለቄስ

እንግዲህ ጎረቤቴ ያየችው ይህን ነው። የኔ ትውልድ ሴቶች ያደግንበት ሳሎን ሌላ ነው። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ለእንግዳ ናቸው፤ ሶፋው በዳንቴል የተሸፈነ ነው፤ ልጅ አይቀመጥበትም። የቤቱ ሰው የሚኖረው ከጀርባ ነው፣ ጓዳ፣ ዕቃ እየተሻገረ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ውጩ አምሮ ውስጡን ለቄስ። ያን ሳሎን አልንቀውም፤ እናቴ በዚያ ሳሎን ነው አንገቷን ቀና አድርጋ የኖረችው። እንግዳ ሲመጣ የሚያኮራ አንድ ክፍል መኖሩ ለድሃ ቤት ትልቅ ነገር ነበር። ግቢ ባለበት ቤት ደግሞ ይቻላል፤ የቀረው ሕይወት ግቢው ላይ ይውላል፣ ሲሞቅ አልጋ አውጥቶ ደጅ ይታደራል። ፎቅ ላይ ግቢ የለም። ካሉን ክፍሎች ትልቁን፣ ያውም ሰው በሚሰበሰብበት ሰዓት የሚነደውን፣ ለማይመጣ እንግዳ ማስቀመጥ ከእኛ አቅም በላይ ነው።

ለዚህ ሁሉ ዋጋ አልከፈልንም ማለት አይደለም። በሩ ሲከፈት የሚታየው የጨርቅ ቁርጥራጭና የልጆች ጫማ ነው። ጠዋት ድንገት እንግዳ ከመጣ ትንሿ ክፍል ትሞቃለች፣ የአባቴም አንሶላ ገና አልተነሣም። የባለቤቴ አለቃ የመጣ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋ የሰው ቀሚስ ጫፉን አንሥቼ ነው ሻይ ያቀረብኩት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ሶፋ እንኳ በሩ አጠገብ ብናደርግ ይለኛል። እምቢ አላልኩትም። የት እንደሚቀመጥና ማን መቼ እንደሚቀመጥበት በሰዓት ጽፎ ያምጣልኝ አልኩት፤ እስካሁን አላመጣም።

የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ከወንድሟ ጋር በመደርደሪያ በተከፈለ ቦታ መተኛት አልተመቻትም፤ መደርደሪያው ከላይ ክፍት ነው፣ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ይገባል፣ ወንድሟ ኳሱን ያሻግርባታል። ቅር ማለቷን ስንሰማ ከርመን ሰሞኑን ወረቀት ይዛልን መጣች። በዚያው በሒሳብ ደብተር ላይ በማስመሪያ የተሠራ ፕላን ነው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ተነሥቶ በር አግኝቷል፤ የወንድሟ አልጋ ከአያቱ ጋር ትንሿ ክፍል ገብቷል፤ የሁሉም ሰው ሰዓት በጎን ተጽፏል። የኔ የስፌት መኪና ከጠረጴዛው አካባቢ ጠፍቷል። ፈልጌ ፈልጌ ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት።

«ኮሪደሩ ላይ መብራት የት አለና ነው የምሰፋው?» አልኳት።

«እሱንም አስቤበታለሁ» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ግድግዳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሶኬትና አንድ አምፖል ተሥሎበታል፤ ከሥሩም «የእማ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4» የሚል ጽሑፍ አለ። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ አይቶ ፈርሞበታል። አናጺው ቅዳሜ ሊለካ ይመጣል፤ ባለቤቴ ግን ገና አልሰማም፣ ጅቡቲ ነው።